ፓኔቶኔ ሲገዙ ካርቶኑን ገልብጠው ያንብቡ

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በከተማችን ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ባለሪባን ረጃጅም ካርቶኖች ብቅ ይላሉ። በውስጣቸው ያለው ፓኔቶኔ የተባለው የሚላኖ የገና ኬክ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ማሸጊያ ዓይንን እንዴት እንደሚስብ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ገንዘብዎን ለሪባኑ እንዳይከፍሉ!

ደህና ፓኔቶኔ የሚነሳው በእርሾ ነው። እኛ ለእንጀራ እርሾ እንደምናስቀር ሁሉ ጣሊያናዊው ጋጋሪም እርሾውን ዱቄትና ውሃ እየጨመረ ለዓመታት ያቆየዋል። ሊጡ ከአንድ ጊዜ በላይ ይቦካል፤ ከምድጃ ሲወጣም አናቱ እንዳይሰረጉድ ተዘቅዝቆ ይቀዘቅዛል። ውድ የሚያደርገው ይህ ሁሉ ጊዜና ድካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የጣሊያን ደንብ «ፓኔቶኔ» የሚለውን ስም የሚፈቅደው በእርሾ ለቦካና ቢያንስ 16 በመቶ ቅቤ፣ 20 በመቶ ዘቢብና በስኳር የተዘጋጀ የፍራፍሬ ልጣጭ እንዲሁም 4 በመቶ የእንቁላል አስኳል ላለው ኬክ ነው። ስለዚህ ካርቶኑን ገልብጠው የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ። በቅቤ ፋንታ ማርጋሪን ካዩ መልሰው ያስቀምጡት።

ልጆችዎ ዘቢብ አይወዱም? የቬሮናውን ፓንዶሮ ይሞክሩ። ዶሜኒኮ ሜሌጋቲ በ1894 የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበበት ይህ ባለኮከብ ቅርጽ ኬክ ዘቢብም ልጣጭም የለውም፤ ቅቤው ግን ቢያንስ 20 በመቶ ነው። ከነላስቲኩ የዱቄት ስኳር ጨምረው እንዲንጡት ለልጆቹ ይስጧቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ለፋሲካ ደግሞ በርግብ ቅርጽ የሚጋገረው፣ ላዩ በአልሞንድና በስኳር የተሸፈነው ኮሎምባ አለ።

የሚጾም ቤተሰብ ካለዎት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የፈረንጆች ገና የሚውለው በነቢያት ጾም ውስጥ ሲሆን ሦስቱም ኬኮች ቅቤና እንቁላል አለባቸው። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን አይተው ይግዙና ሳይከፍቱ ለእኛ ገና ያቆዩት።

ሲያቀርቡት ፍሪጅ ውስጥ አያስገቡት፤ ይደርቃል። ሞቅ ባለ ክፍል ትንሽ አቆይተው ባለጥርስ በሆነ የዳቦ ቢላዋ ከላይ እስከ ታች ይቁረጡት። ከቡና ጋር ግሩም ነው።

ከተረፈም አይጣሉት። ሚላኖዎች ከገናው ፓኔቶኔ ቁራሽ አስቀርተው ጥር መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 3፣ በቅዱስ ብያጆ ቀን ለጉሮሮ ጤና ብለው ይበሉታል። እርስዎ ደግሞ የደረቀውን በእንቁላልና በወተት ነክረው መጥበሻ ላይ ጠበስ ያድርጉት፤ ለልጆች ቁርስ ይሆናል።