ያውቁ ኖሯል? የቡና ጠላት በወረቀት ፖስታ ውስጥ

የቡና ቅጠል ዝገትን የሚያመጣው ፈንገስ ስም የወጣለት ማሳው አጠገብ ሳይሆን እንግሊዝ አገር ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ የፔራዴኒያ ዕፅዋት ማዕከልን የሚመሩት ጆርጅ ትዌይትስ የታመሙ የቡና ቅጠሎችን አድርቀው ላኩ። ቄሱና የፈንገስ ሊቁ ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ ቅጠሉን በማይክሮስኮፕ መረመሩት። የፈንገሱ ብናኝ ቅንጣት አንዱ ጎን ልሙጥ፣ ሌላው ጎን እሾሃማ ሆኖ አገኙት፤ በ1869ም «ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ» ብለው ሰየሙት። የመጀመሪያው ቃል ግማሽ ልሙጥነቱን ይናገራል፤ ሁለተኛው «አጥፊዋ» እንደማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው ለካ ለፈንገስም ይሠራል፦ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ውስጥ የሴሎን ቡና ተንኮታኮተ፤ ገበሬውም ፊቱን ወደ ሻይ አዞረ። ያ ቡና ደግሞ ሌላ ሳይሆን ዘሩ ከኢትዮጵያ ጫካ የወጣው አረቢካ ነበር።

በርክሌይ የደረቁ የፈንገስ ናሙናዎች ስብስባቸውን በ1879 ለለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ሰጡ። እንዲህ ባሉ ቤተ መዛግብት የታመመ ቅጠል በታጠፈ ወረቀት ይቀመጣል፤ ላዩ ላይ ከየትኛው ተክል፣ ከየት፣ መቼና በማን እንደተለቀመ ይጻፋል። ይህ ጽሑፍ ከጠፋ የሚቀረው ደረቅ ቅጠል ብቻ ነው።

በጓሮዎ ቡና ካለ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ ዝገቱ ከታች በኩል ብርቱካንማ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።