ከ«ቢከም» ወዲያ፦ የመተማ ልጆችና የጎረቤት ቋንቋ

መተማ ዮሐንስን ከሱዳኗ ገላባት የሚለያት አንድ ጠባብ የወንዝ ቦይና አንድ ድልድይ ነው። ድንበሩ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ሰውም ዕቃም በዚያ ይመላለሳል፤ በዚህ ምልልስ መካከል የሚያድግ ልጅ «ቢከም?» ማለት «ስንት ነው?» ማለት መሆኑን ለማወቅ አስተማሪ አይጠብቅም። ከዚህ የተነሣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ስለ ልጆችና ስለ ዐረብኛ ሁለት እምነቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንደኛው «የድንበር ልጅ ቋንቋውን ከገበያ ይለቅመዋል፤ ምን ማስተማር ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ማስተማሩ ጉዳት አለው፤ ልጁ በሁለት ቋንቋ መካከል ይወዛገባል፣ አማርኛው ይበላሻል፣ ሃይማኖቱም ይላላል» ይላል። ሁለቱን አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊናገራቸው ይችላል። ይሁንና አብረው አይቆሙም፦ ልጁ ቋንቋውን ከገበያ ለቅሞ ከጨረሰ ጉዳቱ ዱሮ ደርሷል፤ ጉዳት ካልደረሰበት ደግሞ ማስተማሩ የሚያስፈራ አይደለም። የሁለቱም ስሕተት ምንጩ አንድ ይመስለኛል። ቋንቋን እንደ ሸቀጥ በቃላት ቁጥር ይመዝኑታል። ገበያው ለልጁ የሚሰጠው ቃል ነው፤ የማይሰጠው ደግሞ ከቃሉ ጋር የሚሄደውን ወግ ነው።

መጀመሪያ መወዛገብ የሚባለውን እንየው። ይህ ሥጋት የመተማ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ወቅት የምሁራንም ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት በዌልስና በአሜሪካ የተካሄዱ ጥናቶች ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣሉ ብለው ነበር። ችግሩ ከማወዳደሪያው ነበር፤ የድኻ ገበሬና የስደተኛ ልጆችን ከተደላደለ ቤት ልጆች ጋር አስቀምጠው ልዩነቱን በቋንቋ አሳበቡ። በ1962 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በካናዳዋ ሞንትሪያል የ10 ዓመት ልጆችን በኑሮ ደረጃ አመጣጥነው ሲፈትኗቸው፣ ሁለት ቋንቋ የሚችሉት ልጆች አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚችሉት በልጠው ተገኙ። በእርግጥ ብልጫው ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ሁለት ቋንቋ ልጅን ሊቅ ያደርጋል ብሎ መሸጥም ሌላ ተረት ነው። ያ አሮጌ ሥጋት ግን ማስረጃ አጥቷል። ልጁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ ሲቀላቅል የሚሰማ ወላጅ ተደናገረብኝ ይላል፤ ልጁ ግን ያለውን ቃል ሁሉ እየተጠቀመ ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሆን መለየቱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ምስክር ፍለጋ ካናዳ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በመተማና በቋራ የሚኖር የጉሙዝ ልጅ ከአማርኛም ከዐረብኛም ጋር ምንም ዝምድና በሌለው ቋንቋ አፉን ይፈታል፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ይጨመርለታል፣ በገበያ ደግሞ ዐረብኛ ይሰማል። ለእሱ ሦስት ቋንቋ የኑሮ ነገር ነው፤ ተወዛገበ ብሎ ያዘነለትም የለም።

«አማርኛው ይበላሻል» የሚለውም ከአማርኛ ራሱ መልስ ያገኛል። «ሱቅ»፣ «ስኳር» እና «ሳሙና» የምንላቸው በዐረብኛ በኩል የመጡ ቃላት ናቸው፤ አማርኛም ስለ እነርሱ አልጠፋም። (ስፔኖች ስኳርን «አሱካር» የሚሉት ከዚያው ከዐረብኛ ወስደው ነው፤ ስፓኒሽም እስከ ዛሬ አለ።) ከውሰት ይልቅ የሚበዛው ዝምድና ነው። ልጁ «ቤት»፣ «ዓይን»፣ «ደም»፣ «ሞት» ብሎ ሲያበቃ የዐረብኛውን «በይት»፣ «ዐይን»፣ «ደም»፣ «ሞት» ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቁጥር ሲማርም «አርባዓ»፣ «ኸምሳ»፣ «ሲታ»፣ «ሳብዓ» ከአራት፣ ከአምስት፣ ከስድስትና ከሰባት ጋር ሲተያዩ ዘመድ መሆናቸው ይታወቃል። ይህን ያስተዋለ ልጅ አማርኛውን አይረሳም፤ ስለ አማርኛው የማያውቀውን ያውቃል።

ሃይማኖት ይላላል የሚለው ሥጋት ከሁሉም ይከብዳል፤ በቀላሉ ሊታለፍም አይገባም። ዐረብኛ የቁርኣን ቋንቋ ነው፣ ለሙስሊሙም ከገበያ በላይ ክብር አለው። ከዚህ ተነሥቶ ዐረብኛ የእስልምና ብቻ ነው ማለት ግን ታሪኩን መርሳት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳቷን ያገኘችው ከግብፅ ነበር፤ የግብፅ ክርስቲያኖች ደግሞ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። ፍትሐ ነገሥት ወደ ግእዝ የተመለሰው ከዐረብኛ ነው፤ ስንክሳሩም እንዲሁ። በ14ኛው መቶ ዘመን የነበሩት አቡነ ሰላማ «መተርጕም» የተባሉት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ በመተርጎማቸው ነው። በሱዳን ምድርም ቢሆን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩ የኑብያ ክርስቲያን መንግሥታት ነበሩ፤ ኮፕቶች ዛሬም አሉ። እንግዲህ ፍትሐ ነገሥት ሲጠቀስ አንገቱን የሚደፋ አባት ልጁ «ሹክረን» (አመሰግናለሁ) ማለት ሲማር መደንገጥ የለበትም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከቃል ወዲያ ያለው ወግ ምንድን ነው? አማርኛ ታላቅን «እርስዎ» ብሎ ያከብራል፤ ግሡ ራሱ ይለወጣል። በሱዳን ተራ ንግግር እንዲህ ያለ ተውላጠ ስም አይሰማም፤ ልጁም አዛውንቱም «ኢንታ» (አንተ) ይባላሉ፣ አክብሮቱ የሚመጣው በመጥሪያው ነው፦ «ያ ዓም» (አጎቴ)፣ «ያ ሃጅ»፣ «ያ ሃጃ»። ይህን ያልተነገረው የመተማ ልጅ የሱዳን ልጅ ሽማግሌን «ኢንታ» ሲል ሰምቶ ባለጌ ነው ይላል። ወይም ራሱ ቃሉን ብቻ ይዞ መጥሪያውን ጥሎ ይሄዳል፤ ያኔ የሚታዘቡት እርሱን ነው። በሌላ በኩል ወንድን «ኬፋክ»፣ ሴትን «ኬፊክ» ማለትን ማንም የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ በአንዴ ይይዘዋል፤ «እንዴት ነህ» እና «እንዴት ነሽ» ውስጥ አድጓልና። ሰላምታውም ረዥም ነው፦ «ኬፍ? ተማም? ኬፍ አልአህል? ኬፍ አልአውላድ?» እያለ ቤተሰቡን ሁሉ ይዞራል። የገበያ ልጅ ግን ዋጋውን ለመጠየቅ ስለሚቸኩል ይህን አሳጥሮ ነው የሚያውቀው። ልቅሶ ቤትማ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሱዳናውያን ሙስሊሞች ልቅሶ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ (የቁርኣንን መክፈቻ ምዕራፍ) ይቀራሉ፤ «እግዜር ያጥናችሁ» የሚል ልጅ እዚያ ገብቶ ዝም ብሎ መቆም እንደሚበቃው፣ ማሾፍ ግን ትልቅ ነውር መሆኑን የሚነግረው «ቢከም» አይደለም። ቡናው ደግሞ አስቂኝ ነገር አለው፤ እኛ «ጀበና» የምንለው ዕቃውን ነው፣ እነርሱ ግን ቡናውንም «ጀበና» ይሉታል። «ክስራ» የሚሉት ምግባቸው ከማሽላ ቡኮ በምጣድ ተጋግሮ የሚወጣ ነው፤ እንጀራ ለለመደ ልጅ እንግዳ አይሆንበትም። ለዚህም ነው ልብስ አስለብሶ፣ ምግብ አቅምሶ፣ አምስት ሐረግ አስጠንቶ «ባህሉን አስተዋወቅነው» ማለት የማይበቃው። ቀላሉ ምግቡ ነው፤ ከባዱ ታላቅን መጥራትና ኀዘንተኛን ማየት ነው።

የገበያው ዕውቀት ጎደሎነት በጽሑፍም ይታያል። በሱዳን የሚሠራበት የቁጥር አጻጻፍ ከእኛ ልጆች ደብተር ይለያል፤ እዚያ አምስት ክብ ነው፣ ዜሮ ነጥብ ነው። የተማረ ነው የምንለው ልጅ አምስቱን ዜሮ ብሎ ሊያነብ ይችላል። ለነጋዴ ቤተሰብ ይህ የሒሳብ ጉዳይ እንጂ የባህል ጌጥ አይደለም።

የሚቀረው ተቃውሞ ፖለቲካ ነው። «ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚሁ ነው፤ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። ሁለቱም አገሮች የኔ ነው በሚሉት በአልፋሽቃ ጉዳይ በ2013 ዓ.ም. እንደገና ጦር ተንቀሳቅሷል፤ ታዲያ የተጣላንን ሰው ቋንቋ ለልጅ ማስተማር ምን ይባላል?» የሚሉ አሉ። ቁስሉ እውነተኛ ነው። ግን የድንበር ክርክርም ሆነ የድንበር ንግድ ያለ ቋንቋ አይካሄድም፤ የጎረቤቱን ንግግር የማያውቅ ወገን ሁልጊዜ በሌላው አስተርጓሚ እጅ ነው። ሌላው ተቃውሞ «እንግሊዝኛ አይሻልም ወይ?» የሚለው ነው። እንግሊዝኛው በትምህርት ቤት አለ፣ ይቀጥል፤ ነገር ግን ገላባት ውስጥ ሰሊጥ የሚያስመዝን ሰው በእንግሊዝኛ አይከራከርም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነቱ ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞች በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ፤ ከእነርሱ ጋር ልጆቻቸው መጡ። እነዚያ ልጆች በተራቸው የአማርኛን ወግ ይፈልጋሉ፦ ታላቅን «አንተ» ማለት እንደማይቻል፣ «እንደምን አደሩ» ከ«እንደምን አደርክ» እንደሚለይ። «ኢንታ» እያለ ያደገ ልጅ ይህን ከገበያ ሊለቅመው አይችልም፤ በገበያ የሚያገኘው «ስንት ነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች አንድ ጥላ ሥር ቢቀመጡ አንዱ ለሌላው የጎደለውን ይዟል፤ የሚያስፈልጋቸው መካከላቸው ተቀምጦ «እዚህ ያ ዓም በል፣ እዚያ እርስዎ በል» የሚል አንድ ትልቅ ሰው ነው።