ቪዲዮ ካሴትና ዲስክ

በቤታችን ፊልም ስናይ ምስሉ የተቀዳው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው። አንዱ አናሎግ፣ ሌላው ዲጂታል ይባላል። የትኛው ይሻላል? ለመፍረድ አስቀድመን አሠራራቸውን እንወቅ።

በብዙ ቤት የሠርግ ካሴት አለ። ጥቁሩ ትልቁ ካሴት ቪኤችኤስ ይባላል። ጄቪሲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበው። በውስጡ ያለው ክር ማግኔትነት የሚይዝ ዱቄት የተቀባ ነው። የምስሉ ብርሃን ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር በክሩ ላይ የሚቀረጸውም ምልክት አብሮ ይለዋወጣል። አናሎግ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ክሩ ሲያረጅ ምስሉም ያረጃል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም ይደበዝዛል። ከአፍ ወደ አፍ እንደሚዞር ወሬ፣ ሲተላለፍ መልኩን ይለውጣል።

ዲጂታል ግን ምስሉን በቁጥር ይጽፋል። ቁጥሮቹም 0 እና 1 ብቻ ናቸው። 1 አሥር ጊዜ ቢገለበጥ ያው 1 ነው። በ1996 የወጣው ዲቪዲና በ2006 የወጣው ብሉሬይ የሚሠሩት እንዲህ ነው። የዲቪዲ ምስል ወደ ጎን 720 ነጥቦች ሲኖሩት፣ የብሉሬይ እስከ 1,920 ይደርሳል። በትልቅ ቴሌቪዥን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዲስክ ሁሉ ግን ዲጂታል አይደለም። በ1978 በአሜሪካ መሸጥ የጀመረው ሌዘርዲስክ የሚያብረቀርቅ ዲስክ ሆኖ ሳለ ምስሉ አናሎግ ነበር፤ ያም ሆኖ ከቪኤችኤስ የጠራ ነበር። ዲጂታል ሁሉም ጥሩ አይደለም። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ምስሉ ከመጠን በላይ ከተጨመቀ፣ የሰው ፊት ጥቃቅን ካሬ ይሆናል። ዲስኩ ክፉኛ ከተጫረም ፊልሙ መሐል ላይ ቀጥ ይላል።

የሠርጉን ካሴትስ ምን እናድርገው? ካሴቱ ያልያዘውን ጥራት ዲስክ አይጨምርለትም። ይሁን እንጂ ወደ ዲጂታል ከተገለበጠ በኋላ ቅጂው ከዚያ በላይ አይደበዝዝም። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። የቪኤችኤስ ዴክ ሲያመርት የቆየው የጃፓኑ ፉናይ በ2016 ሥራውን አቁሟል። ዴክ ከጠፋ ካሴቱ ቢኖርም አይታይም።

ስለዚህ፦

1. የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ አንክተት፤ ዴኩንም ሌላውንም ካሴት ያበላሻል።

2. ካሴቱን አስገልብጠን ሁለት ቅጂ በተለያየ ቦታ እናኑር።

3. ካሴቱን አንጣል፤ ከፀሐይ፣ ከእርጥበትና ከማግኔት አርቀን እናቁመው።

በዚያ ክር ላይ እኮ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ሙሽሮቹን ሲመርቁ ይታያሉ። ድምፃቸው የሚገኘው እዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል።