የጊት ስታተስ መመሪያ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ምን ያህል ይበቃል?

በፕሮግራም ፋይሎች ላይ የሚደረገውን ለውጥ መዝግበው ከሚይዙ የሥሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓቶች መካከል እጅግ በስፋት የሚሠራበት ጊት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል ልማት የሠራው ይህ ሥርዓት «ስታተስ» የተባለ ትዕዛዝ አለው። ትዕዛዙ የትኛው ፋይል እንደ ተለወጠ፣ የትኛው ለኮሚት እንደ ተዘጋጀ፣ የትኛውስ ገና እንዳልተመዘገበ ያሳያል። ዛሬ ይህን መልስ የሚያነበው ፕሮግራመሩ ብቻ አይደለም፤ ኮድ የሚጽፉና ትዕዛዝ የሚያስፈጽሙ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎችም ቀጣዩን እርምጃ የሚወስኑት በእርሱ ላይ ተመሥርተው ነው። ለኮሚት ያልተዘጋጀ ለውጥ በስሕተት ከተሻረ ጊት ሊመልሰው ስለማይችል፣ ወኪሉ መልሱን አዛብቶ ከተረዳ የአንድ ሰው የቀናት ድካም ሊጠፋ ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የትዕዛዙን ይፋዊ የመመሪያ ገጽ በአንድ ጥያቄ ይመዝናል፦ ወኪል ገጹን ብቻ አንብቦ ትዕዛዙን በተገቢው መልክ ሊጠራና ውጤቱን ያለ ግምት ሊተረጉም ይችላልን?

ገጹ ለሰው የሚታየውን ረጅም ቅርጽ ለስክሪፕት ከተዘጋጀው «ፖርስሌን» ቅርጽ በግልጽ ይለያል። የመጀመሪያው በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ግን በጊት ሥሪቶች መካከል የቀድሞውን አሠራር በሚያፈርስ መልኩ እንደማይለወጥ ይናገራል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ወኪሎች በአብዛኛው የሚጠሩት ምንም አማራጭ ያልተጨመረበትን ትዕዛዝ ሊሆን ይችላል፤ የሚመለስላቸውም ረጅሙ ቅርጽ ነው። በዚህ ቅርጽ ውስጥ ደግሞ ለተጠቃሚው የሚሰጡ ምክሮች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ለውጥን ለመጣል የሚያገለግለውን ትዕዛዝ ስም ጠርቶ ያሳያል። ሰው ምክሩን አይቶ ያልፈዋል። ጽሑፍን እንደ መመሪያ መከተል የለመደ ወኪል ግን ያልፈዋል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ገጹም በዚህ ረገድ የሚለው ነገር የለም።

ከሁሉ የከፋው ችግር የሚታየው በመጀመሪያው የፖርስሌን ሥሪት ላይ ነው። እዚህ የእያንዳንዱ ፋይል ሁኔታ ከስሙ በፊት በሚቀመጡ ሁለት ምልክቶች ይገለጻል፤ የፊተኛው ለኮሚት የተዘጋጀውን፣ የኋለኛው በሥራ ማውጫው ያለውን ያመለክታል፤ ለውጥ ከሌለ ባዶ ቦታ ይቀመጣል። እንግዲህ «ኤም» ከፊት ሆኖ ባዶ ቦታ ሲከተለው ለውጡ ለኮሚት ተዘጋጅቷል ማለት ነው፤ ባዶ ቦታው ሲቀድም ግን አልተዘጋጀም። ብዙ ፕሮግራሞች የትዕዛዝን ውጤት ሲቀበሉ ዳርና ዳሩን ከባዶ ቦታ የማጽዳት ልማድ አላቸው። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መስመር መነሻ ባዶ ቦታ ይጠፋል፤ ያልተዘጋጀው ፋይል እንደ ተዘጋጀ ይነበባል፤ ስሙን ከአራተኛው ቦታ ጀምሮ የሚቆርጥ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ የፋይሉ ስም የመጀመሪያ ፊደሉን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የጊት 2.11 ሁለተኛውን የፖርስሌን ሥሪት ሲያስተዋውቅ ባዶ ቦታውን በነጥብ ተክቶታል። በግጭት ጊዜ ትርጉማቸው የሚለወጠውን ሁለቱን ምልክቶችም በተለየ የመስመር ዓይነት አስቀምጧቸዋል። መድኃኒቱ ስለዚህ አለ፤ ነገር ግን ቁጥር ሳይጠቅስ «ፖርስሌን» ብቻ ያለ ወኪል የሚያገኘው የመጀመሪያውን ሥሪት ነው። ገጹ ሁለቱን ከመግለጽ አልፎ የትኛው ቢመረጥ እንደሚሻል አይመክርም።

በግእዝ ፊደል ፋይል ለሚሰይሙ ተጠቃሚዎች ሌላ ጉድለት አለ። ገጹ ስለ አጭሩ ቅርጽ ሲያስረዳ በጥቅስ ምልክት የሚከበቡት ባዶ ቦታ ወይም የማይታተም ፊደል ያለባቸው ስሞች እንደሆኑ ይገልጻል። «ሀ» የሚታተም ፊደል ነው። ቢሆንም ጊት በነባሪ ቅንብሩ ከአስኪ ውጭ ያለውን ባይት ሁሉ እንደ እንግዳ ስለሚቆጥር፣ «ሀ» የተባለ ፋይል በጥቅስ ውስጥ \341\210\200 ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ፊደል አሥራ ሁለት ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ባሕርይ በተሟላ ሁኔታ የሚያስረዳው ጽሑፍ የሚገኘው በሌላ ገጽ፣ በቅንብር መመሪያው ውስጥ ነው። ወኪሉ ቁጥሮቹን መልሶ ወደ ፊደል ሲተረጉም ቢሳሳት የሌለ ፋይል ይፈልጋል፤ ወይም የፋይሉን ስም ከራሱ ይፈጥራል።

በዚሁ አቅጣጫ ሲታይ፣ ፖርስሌን በተጠቃሚ ቅንብር አይለወጥም የሚለው ቃልም ሙሉ በሙሉ አይጸናም። የቀለምና የአንጻራዊ መንገድ ቅንብሮችን በእርግጥ ችላ ይላል። ያልተመዘገቡ ፋይሎች እንዳይታዩ የተደረገበት ማከማቻ ግን ለፖርስሌንም ይደብቃቸዋል፤ ወኪሉ ባዶ መልስ አግኝቶ «ሁሉ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊያስብና አዲሱን ፋይል ከኮሚቱ ሊያስቀር ይችላል።

ገጹ በደንብ የሠራውም አለ። ከበስተጀርባ የሚሠሩ ስክሪፕቶች አማራጭ ቁልፎችን እንዳይዙ የሚመክረው ክፍል ከሰው ጎን ለጎን ለሚሠራ ወኪል በቀጥታ ይጠቅማል፤ መስመሮችን በዜሮ ባይት የሚለየው «ዜድ» አማራጭም የፊደሉን ችግር ከነጭራሹ ያስወግዳል። ወኪል ለሚያሠማራ ቡድን ሁለተኛውን ሥሪት፣ «ዜድ»ን፣ ያልተመዘገቡ ፋይሎችን የማሳየት አማራጭንና ይህን የቁልፍ ምክር በአንድ አንቀጽ ጽፎ በማከማቻው ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ቅርጽ አይገኝም፦ ለውጡን ማን አደረገው? ፕሮግራመሩ የራሱን ሥራ ስለሚያውቅ ገጹ ይህን ማንሳት አላስፈለገውም። ወኪል ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን የስታተስ መልስ ካላስቀመጠ፣ ተለውጦ ያገኘው ፋይል የእርሱ ይሁን የባለቤቱ ሊለይ አይችልም። ሁለቱም አንዱን ፋይል ነክተው ከሆነ ደግሞ ያስቀመጠው መልስ እንኳ አይረዳውም፤ ስታተስ በነባሪ ሁኔታው የሚዘረዝረው ፋይልን እንጂ በውስጡ ያለውን መስመር አይደለም።