ከሦስቱ መዘግየቶች አንዱ የቤታችን ነው

«ዲሌይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከአውሮፕላን ማረፊያ ነው። በረራው ይዘገያል፣ መንገደኛው ያጉረመርማል፣ በመጨረሻ ግን ይሄዳል። በእናቶች ጤና ሙያ ውስጥ ያው ቃል የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዴውስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላዶችን ለሞት የሚዳርጉ ሦስት «ዲሌዮችን» ለዩ፦ ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋሙ ጋ በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት የሚታዩትን። የጤና ባለሙያዎቻችን «ሦስቱ መዘግየቶች» የሚሉት ይህንኑ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ትርጉሙ ነው። እንግሊዝኛው አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ይጠቀምበታል፤ አማርኛችን ግን ይለያል። «ዘገየ» ራሱ ነው፤ «አዘገየ» ስንል ያዘገየ ሰው አለ። «መዘግየት» ሲባል እንደ ክረምት መዘግየት የማንም እጅ የሌለበት ይመስላል። እኔ «ማዘግየት» ብንለው እመርጣለሁ።

አበርገሌን እንይ። በዋግ ኽምራ፣ ወደ ተከዜ የሚወርድ፣ በፍየሉ ስሙ የሚነሣ ቆላማ ወረዳ ነው። ሆስፒታሉ ያለው ሰቆጣ ላይ ነው። መኪና በማይገባበት መንደር ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ፣ በሰው ትከሻ ትወጣለች። በጦርነቱ ዘመን ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ተጠልሏል፤ የጤና ተቋማትም ተጎድተዋል። መንገዱን፣ አምቡላንሱን፣ መድኃኒቱንና ደሙን የማቅረብ ግዴታ ያለበት የመንግሥት አካል ስላለ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሊጠየቅባቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ግን የእኛ የወላጆችና የአያቶች ነው። «እስቲ ትንሽ እንያት»፣ «ባሏ ይምጣና ይወስን»፣ «እኔ ሁሉንም እቤቴ ነው የወለድኩ» የምንለው ከክፋት አይደለም። ተረቶቻችንም ትዕግሥትን ያወድሳሉ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳትሉኝ እንጂ፣ ከወሊድ በኋላ የሚበረታ ደም መፍሰስ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙ ከጀመረ በኋላ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ገንዘብ ተፈልጎ፣ ቃሬዛ ተበጅቶ አይደረስም። ስለዚህ ውሳኔው ምጥ ከመምጣቱ በፊት ማለቅ አለበት።

እዚህ ላይ ሌላ ቃል ይረዳናል፦ «ማቆያ»። በየጤና ጣቢያው የተሠሩት የእናቶች ማቆያዎች፣ ቤቷ የራቀ እናት የመውለጃ ቀኗ ሲቃረብ መጥታ የምትሰነብትባቸው ናቸው። መንገዱን በምጥ ሳይሆን በደህናዋ ጊዜ ትጨርሰዋለች። አንዳንድ እናት ግን «ልጆቼንና ከብቶቼን ማን ያይልኛል?» ብላ ትቀራለች። አያቶች ሆይ፣ ለዚህ ጥያቄ መልሱ እናንተ ናችሁ።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ዛሬውኑ ይነጋገር። ማን አብሯት ይሄዳል? ማን ቤት ይጠብቃል? ገንዘቡ የት ይቀመጣል? ባል ባይኖር ማን ይወስናል? ደም ከታየ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ትኩሳት ከበረታ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ምጡ ከ12 ሰዓት ካለፈ ማንንም ሳትጠብቁ ተነሡ። የባልን መምጣት አትጠብቁ፤ መንገድ ላይ ይደርስባችኋል።