በኑሮ ውድነት ወቅት የሴፍቲኔት ድጋፍና የቤተሰብ ቁጠባ

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት ለምግብ እጥረት የሚሰጠው ምላሽ በየዓመቱ በሚቀርብ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ላይ የተመሠረተ ነበር። እርዳታው በዘገየ ቁጥር አርሶ አደሩ እህል ለመሸመት በሬውን ለመሸጥ ይገደዳል። በሬውን የሸጠ ቤተሰብ ደግሞ ዝናቡ በተመለሰበት ዓመት እንኳ ማሳውን ለሌላ ሰው በእኩል አሳርሶ ምርቱን ይካፈላል። የፕሮግራሙ ዓላማም ቤተሰቦች በክፉ ቀን ጥሪታቸውን እንዳያጡ ማድረግ ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ፕሮግራሙ ከሚተገበርባቸው ወረዳዎች መካከል ይገኛሉ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ላይ ጫና ተፈጥሯል። ለ2017 በጀት ዓመት በመጀመሪያ 971.2 ቢሊዮን ብር ጸድቆ የነበረ ሲሆን፣ በኅዳር ወር የ581.9 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ተጨማሪው በጀት ከታሰበባቸው ጉዳዮች መካከል የሴፍቲኔት ድጋፍ እንዲሁም የማዳበሪያ፣ የነዳጅና የመድኃኒት ድጎማ ይገኙበታል።

ድጋፉ የሚሰጠው እንዴት ነው?

የመሥራት አቅም ያላቸው ተጠቃሚዎች በእርከን፣ በመንገድና በተፋሰስ ልማት በመሳሰሉ የማኅበረሰብ ሥራዎች ተሳትፈው ክፍያ ያገኛሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ጧሪ የሌላቸው ወገኖች ያለ ሥራ ግዴታ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ተጠቃሚዎች የሚለዩት በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ነው። ያለአግባብ እንደቀረ የሚያምን ወይም ክፍያው የተጓደለበት ሰው ለቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። ክፍያው ለተጠቃሚው በሙሉ ሊደርስ ይገባል።

ቤተሰቡ ገንዘቡን እንዴት ይጠብቅ?

ድጋፉ የቤተሰቡን ክፍተት ይሞላል እንጂ የዓመቱን ወጪ ሁሉ አይሸፍንም። ስለዚህ የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል፦

- የእህል ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከምርት ስብሰባ በኋላ ይቀንሳል፤ በክረምት ይወደዳል። እጅ ላይ ያለውን ገንዘብ ከፊሉን በበጋ እህል ሸምቶ ማስቀመጥ በሐምሌና በነሐሴ በውድ ከመግዛት ያድናል። አየር በማያስገባ ከረጢት የተቀመጠ ደረቅ እህል ከነቀዝ በተሻለ ይጠበቃል።
- ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለበዓል የሚወጣውን ወጪ ከዘርና ከማዳበሪያ ገንዘብ ለይቶ አስቀድሞ መወሰን ከአራጣ ብድር ይጠብቃል።
- ለአጭር ጊዜ የማይፈለግን ገንዘብ ቤት ውስጥ ከማቆየት ይልቅ በባንክ ወይም በማይክሮፋይናንስ ተቋም ማስቀመጥ ይሻላል። በኢትዮጵያ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ መሠረት በአንድ አባል የፋይናንስ ተቋም የተቀመጠ የአንድ አስቀማጭ ገንዘብ እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና አለው።
- ገንዘብ ብቻውን የዋጋ ንረትን ላይቋቋም ስለሚችል፣ ከቁጠባው ከፊሉን በግ፣ ፍየል ወይም ዶሮ ለማርባት ማዋል ይቻላል።

በችግር ወቅት ከመንግሥት በጀት የሚወጣው ድጋፍ ዘላቂ ውጤት የሚኖረው ቤተሰቡ በቀጣዩ የእርሻ ወቅት በራሱ በሬና በራሱ ዘር ማረስ ሲችል ነው።

ለተጨማሪ መረጃ በየወረዳው የሚገኘውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም የቀበሌ አስተዳደር ማነጋገር ይቻላል።