ስድስት ቀን ለሥራ፣ ሰባተኛው ለኦሪት፦ የቤተ እስራኤላውያን ሳምንት

ጎንደር፦ በሬ የማይጠመድባቸውን ቀናት ለይቶ የማያውቅ አርሶ አደር በአካባቢያችን የለም። እሑድ አይታረስም፤ የዓመቱና የወሩ በዓላትም ይከበራሉ። ቀዳሚት ሰንበትም ብትሆን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ ከእሑድ ጋር እንድትከበር በቤተ ክርስቲያን ከተወሰነ ወዲህ በብዙ ገጠሮች ክብሯ አልተጓደለም። ከዚሁ አርሶ አደር ጎን ለዘመናት የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ግን መላ ሳምንታቸውን የሚያሰናዱት በዚህች አንዲት ቀን ዙሪያ ነበር። ይህ ጽሑፍ ሳምንቱ እንዴት እንደሚውል፣ ኦሪት እንዴት እንደሚነበብና የንባቡ መንገድ ዛሬ ምን እንደገጠመው ያብራራል።

ርስት ያልነበረው ሕዝብ

ቤተ እስራኤላውያን በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በትግራይና በሌሎችም አካባቢዎች ኖረዋል። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የምትገኘው ወለቃና በገጠር ያለችው አምቦበር በስም ከሚታወቁት መንደሮቻቸው መካከል ናቸው። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ክርስትናን ያልተቀበለ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ መደንገጉን ትውፊት ያወሳል። ማኅበረሰቡ የማይወደው «ፈላሻ» የሚለው ስምም ከዚሁ ርስት አልባነትና ስደት ጋር ይያያዛል።

መሬት ያልነበረው ሰው ሁለት መንገድ ነበረው፤ በጢሰኝነት ማረስ ወይም በእጅ ሙያ ማደር። ወንዶቹ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ ሴቶቹ ሸክላ ሠሩ። የጎረቤት ገበሬ ማረሻና ማጭድ፣ የባለቤቱ ምጣድና እንስራ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ እጆች የወጡ ነበሩ። ሆኖም ሙያተኛው ይከበር ዘንድ ሙያው አልበቃም፤ «ቡዳ» እየተባለ ተገልሏል። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይነጠቅ የሚተላለፈው ሀብት ሰንበትና ኦሪት ነበር።

ዓርብ ጀምበር ስትጠልቅ

በቤተ እስራኤል ልማድ የሰንበት ዝግጅት የሚጀምረው ዓርብ ነው። ምግቡ ይበስላል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ሰው ወደ ወንዝ ወርዶ ገላውን ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ጀምበር ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እሳት አይነድም፤ ውኃ አይቀዳም፤ ሩቅ መንገድ አይኬድም፤ አይሸጥም፣ አይገዛም። የሚበላው ዓርብ የተዘጋጀው ነው፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም እንደዚያው ይበላል።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ በሚቆምበት አካባቢ ለሚኖር ሸክላ ሠሪ ገበያን መተው ማለት የሳምንቱን ገቢ መተው ማለት ነው። ሰንበትን ማክበር እንግዲህ የእምነት ቃል ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ ከኪስ የሚከፈል ዋጋ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ምእመኑ ወደ ጸሎት ቤቱ ይሄዳል። ይህን ቤት «መስጊድ» ይሉታል፤ ቃሉ ከግእዙ «ሰገደ» ጋር ይዛመዳል። ጸሎቱ በግእዝ ሲሆን በመካከሉ ጥንታዊ የአገው ቋንቋ ቃላት ይሰማሉ። ከቤት የመጣው የሰንበት ዳቦ በቄሱ ይባረካል፤ ሕዝቡም ተካፍሎ ይበላል። በየሰባት ሳምንቱ የምትውለው ሰንበት ደግሞ ከሌሎቹ በላቀ ሥርዓት ትከበራለች። ስለ ሰንበት ክብር የሚናገረው «ትእዛዘ ሰንበት» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ በማኅበረሰቡ ዘንድ ትልቅ ስፍራ አለው።

ኦሪት እንዴት ይነበባል

«ኦሪት» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ትውፊት ስምንት መጻሕፍትን ይይዛል፤ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት፣ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን። ቤተ እስራኤላውያን ይህን በብራና ተጽፎ እንደ መጽሐፍ ከተደጎሰ ቅጂ ያነባሉ። ከቅጂዎቹ ብዙዎቹ በክርስቲያን ጸሐፍት እጅ የተገለበጡ መሆናቸው ሁለቱ ማኅበረሰቦች ምን ያህል ተቀራርበው እንደኖሩ ያመለክታል።

ቄሱ ቃሉን በግእዝ ያነባል፤ ቀጥሎም ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ፣ ይተረጉመዋል። አብዛኛው ሰው ማንበብ በማይችልበት ዘመን ትምህርት ማለት ይኸው መስማት ነበር። ቄስ ለመሆን የሚፈልግ ወጣት ከመምህሩ ሥር ሆኖ ንባቡን፣ ዜማውንና ሥርዓቱን ለዓመታት ያጠናል።

በሌላው ዓለም የሚኖሩ አይሁድ ሥርዓት ከዚህ ይለያል። እነርሱ «ቶራ» የሚሉት አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ሲሆን፣ የሚነበበውም በዕብራይስጥ በእጅ ከተጻፈ የብራና ጥቅልል ነው። መጻሕፍቱ በ54 ክፍል ተከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ ይጠናቀቃሉ። በተጠናቀቁበት ቀን ያለ ዕረፍት ከዘፍጥረት መጀመሪያ እንደገና ይነበባል። በኦርቶዶክስ አይሁድ ሥርዓት ለሕዝብ ንባብ ቢያንስ 10 ወንዶች መገኘት አለባቸው።

ንባቡ በሰንበት ብቻ አይወሰንም፤ ሰኞና ሐሙስም የሳምንቱ ክፍል መጀመሪያ ይነበባል። የእነዚህ ቀናት ምርጫ ለገጠር ሰው እንግዳ አይሆንም። ሰኞና ሐሙስ በጥንቱ ዘመን የመንደር ሰው ወደ ከተማ ለገበያና ለዳኝነት የሚሰበሰብባቸው ቀናት ነበሩ። ሕዝቡ ሦስት ቀን ያለ ትምህርት እንዳይቀመጥ ንባቡ ሰው ወደሚገኝበት ቀን መጣ። በቀሩት ቀናት ሁለት ሁለት ሆኖ መጽሐፉን እየተጠያየቁና እየተከራከሩ ማጥናት የተለመደ ነው።

ሰባት ለመሬትም

ከእነዚህ ሳምንታዊ ንባቦች ውስጥ ስለ እርሻ የሚናገሩት ጥቂት አይደሉም። በዘሌዋውያን መጽሐፍ ባለ እርሻው ሲያጭድ የማሳውን ዳር ጨርሶ እንዳያጭድና ቃርሚያውን ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 25 ደግሞ መሬት ራሷ ሰንበት ተሰጥቷታል፤ ስድስት ዓመት ይዘራል፤ በሰባተኛው ዓመት መሬቷ ታርፋለች።

መሬትን ጦም ማሳደር ለምነትን እንደሚመልስ የእኛም አርሶ አደር በልምድ ያውቀዋል። በኦሪት ግን ምክንያቱ ምርት ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የሰው እንዳልሆነ ማስታወሻ ነው። ይህ ሕግ ዛሬም በእስራኤል አለ። የመጨረሻው የዕረፍት ዓመት ከሞላ ጎደል በእኛ 2014 ዓ.ም. ላይ የዋለ ነበር። በዚያ ዓመት ማሳቸውን ያሳረፉ ገበሬዎች እንዳሉ ሁሉ፣ በሃይማኖት መሪዎች ፈቃድ መሬቱን አይሁድ ላልሆነ ሰው በውል ሸጠው ያረሱም አሉ።

ሁለት ንባብ፣ አንድ ትውልድ

በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በተደረገው የአየር ጉዞ አብዛኛው ማኅበረሰብ ወደ እስራኤል ሄደ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ተጓጉዘዋል። የወለቃና የአምቦበር ጸሎት ቤቶችም ያለ ምእመን ቀሩ።

ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። ቀደም ሲል ክርስትናን የተቀበሉ ቤተሰቦች ተወላጆች በጎንደር ከተማ ተሰባስበው ጉዟቸውን መጠባበቅ ያዙ። ከእነርሱ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት ባለፉት ዓመታት ሄደዋል፤ የቀሩት ወላጅ ከልጅ፣ ወንድም ከእኅት ተለያይተው ይጠብቃሉ። ጸሎታቸውን የሚያደርሱት እንደ ሌላው ዓለም አይሁድ በዕብራይስጥ ነው፤ ልጆቹም ፊደሉን ይማራሉ።

ፈተናውም ከዚህ ይጀምራል። አያት በግእዝ የሰማውን ቃል የልጅ ልጅ በዕብራይስጥ ይቀበላል። ዕብራይስጡ ወጣቱን ከዓለም አይሁድ ጋር ያገናኘዋል፤ ነገር ግን የግእዙ ንባብ የሚኖረው ቃሉንና ዜማውን በሚያውቁ ቄሶች ነው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። በእስራኤል የሚገኙ ቄሶች ደቀ መዛሙርት በማስተማር ንባቡን ለማቆየት ይጥራሉ። ሕዝቡ ወደ ተራራ ወጥቶ ኦሪት የሚሰማበት የስግድ በዓልም እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በበዓሉ ቀን ቄሶች በኢየሩሳሌም ከፍታ ላይ ቆመው በግእዝ ያነባሉ።

የግእዙ ንባብ የማኅበረሰቡ ብቻ ሳይሆን የዚህ አካባቢም ቅርስ ነው። ቋንቋው የእኛው ግእዝ ነው፤ ብራናው የተፋቀው፣ ቃሉም የተተረጎመው በዚህ ምድር ነው። የቀሩት አረጋውያን የሚያውቁትን መቅዳት፣ የጸሎት ቤቶቹን መጠበቅና ለተማሪ ማስረዳት የሚቻለው የሚያስታውስ ሰው እስካለ ድረስ ነው።